የማማ ሀሊማ ብስክሌት ነጂ

ቱርኪያ ከከሚሴ ዓረብ አገር ሄዳ ሲብ ከተማ ውስጥ ማማ ሀሊማ ቤት የተቀጠረችው ለወጥ ቤትና ለጽዳት ነበር፤ ስለ ብስክሌት ማንም አላነሳላትም። ነገሩን ያመጣው ኮሮና ነው። ከተማው ተዘግቶ፣ ዘመድ ከዘመድ መጠያየቅ ተከልክሎ፣ ማማ ሀሊማ ከሶፋ ወደ መስገጃ፣ ከመስገጃ ወደ ሶፋ ብቻ ሲመላለሱ ከረሙ። ሐኪማቸው በስልክ «ሰውነትዎን ያንቀሳቅሱ እንጂ!» ቢላቸው ጊዜ፣ ከቦታው የማይንቀሳቀስ የስፖርት ብስክሌት አዘዙ።

ብስክሌቱ መጥቶ ሳሎን መሃል ተተከለ። ማማ ሀሊማ ዞረው ዞረው አዩት፤ ኮርቻውን በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት፤ ከዚያ ወደ ሶፋቸው ተመለሱ።

«ይሄ ያለ አፕ አይነዳም ብለውኛል» አሉ ታብሌታቸውን እያበሩ። «አፑ ደግሞ ብዛቱ! አንቺ ውጪና ሞክሪልኝ። የሚሻለውን ስትነግሪኝ እኔ እቀጥላለሁ። ያላ!»

ቱርኪያ ሽርጧን ሳትፈታ ኮርቻው ላይ ወጣች።

መጀመሪያ የከፈቱት ላይ ላብ ያጠመቀው ፈረንጅ በእንግሊዝኛ እየጮኸ ይነዳል። በጮኸ ቁጥር ቱርኪያ ትፈጥናለች፤ በፈጠነች ቁጥር እሱ ይብስበታል። «ማማ፣ ምን አጥፍቼ ነው ይሄ ሰውዬ የሚቆጣኝ?» አለች ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። ማማ ሀሊማ ጥቂት አዳመጡና «በሠራተኛዬ ላይ ከእኔ ሌላ የሚጮህ የለም። ኻላስ!» ብለው አጠፉት።

ሁለተኛው ሙዚቃ የበዛበት ሲሆን የሚነዱት ሴቶች የለበሱት ከመሃረብ አይበልጥም። ማማ ሀሊማ «አስተግፊሩላህ!» ብለው ታብሌቱ ላይ ፎጣ ጣሉበት። ቱርኪያም ፎጣውን እያየች እስከ መጨረሻው ነዳች።

«እንዴት ነው?» አሏት።

«ደህና ነው ማማ። ግን መንገዱ አይታይም።»

ሦስተኛው በሥዕል የተሠራ መንገድ ነበረው፤ ጥድና በረዶ የለበሰ ተራራ። ፔዳሉን ሲረግጡት አንድ አሻንጉሊት የሚመስል ሰው ብስክሌት ይነዳል። ማማ ሀሊማ አሻንጉሊቱን በሒጃብ ሴት ሊለውጡት ቢፈልጉ አጡ። ከምርጫዎቹ ውስጥ እጅና እግሩ የተሸፈነ ሆኖ የተገኘው ጺሙ ደረቱ ላይ የወረደ ወንድ ብቻ ነው። «መሸፈኑ ይበልጣል» ብለው እሱን መረጡ። በዚህ ዓይነት ማማ ሀሊማ፣ ሲብ በሙቀት እየቀለጠች፣ ጺማም ሆነው በረዶ ላይ ሽቅብ ይወጡ ጀመር። እግሩ ብቻ የቱርኪያ ነበር።

አል አንሳብ የሚባል ሰፈር ያሉት እህታቸው ማማ አሚና ባይሰሙ ነገሩ በዚሁ ያበቃ ነበር። እሳቸው ከልጅነት ጀምሮ እህታቸው የያዘችውን ሁሉ ካልያዙ እንቅልፍ የላቸውም። ብስክሌት አስመጡ፤ ያንኑ አፕ ከፈቱ፤ ያንኑ ጺማም መረጡ። በየቀኑ ከዓስር ሶላት በኋላ በአፑ እንሽቀዳደም ተባባሉ። ሰንበትበት ሲል የማማ አሚና ጺማም ያሸንፍ ጀመር።

«ምን ነክቶሽ ነው?» አሉ ማማ ሀሊማ። «ቀድሞ ትበሪ አልነበረም?»

«ማማ፣ ጠዋት ምንጣፍ አጥቤ፣ ደረጃ ወልውዬ፣ እግሬ ዝሎ እኮ ነው።»

ማማ ሀሊማ አሰቡበት። «ከነገ ጀምሮ መወልወያ እንዳትነኪ!»

«ቤቱንስ ማን ያጸዳዋል?»

«እኔስ እጅ የለኝም?»

ቱርኪያ ቀልድ መስሏት ነበር። በማግስቱ ማማ ሀሊማ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ደረጃውን ወለወሉ፤ ሩዙንም ራሳቸው ቀቀሉ። ለቱርኪያ ሥጋና ቴምር በሳህን ያቀርቡላታል፤ አፍራ ብድግ ስትል «ተቀመጪ! እግርሽን ልታበላሺብኝ ነው?» ይሏታል። እንግዲህ ምን ታድርግ፣ ተቀመጠች። ከሚሴ ላሉት እናቷ ደውላ ይህንኑ ብታወራላቸው፣ በሽታው የልጄን ራስ ነካው ብለው ዱዓ አስደረጉላት።

አንድ ቀን፣ ሽቅድምድሙ በጋለበት ሰዓት፣ ታብሌቱ ላይ ያለው የድምፅ ምልክት ሳይታወቅ ተነክቶ ኖሮ ከወዲያኛው ጺማም ቁና ቁና የሚተነፍስ የሴት ድምፅ መጣ። «ኧረ በአላህ! ወገቤን!»

ቱርኪያ ደንግጣ መርገጧን አቆመች። «ማነሽ አንቺ?»

«ውይ! ቶይባ ነኝ፣ የማማ አሚና ሠራተኛ። አንቺስ?»

«ቱርኪያ። የማማ ሀሊማ።»

«ወላሂ? እኔ እኮ አሮጊቷ ራሳቸው መስለውኝ ‹ይሄ ጉልበት የጤና አይደለም› እያልኩ ስፈራ ከረምኩ!»

ማማ ሀሊማ የያዙትን መጥረጊያ እንደያዙ ከወጥ ቤት ብቅ አሉ። «እህቴ የሐበሻ ቋንቋ ከመቼ ወዲህ ነው የተማረችው?» ከዚያ ገባቸው። «አታላይ! ለካ ራሷ አይደለችም የምትነዳው!» በዚያው ቅጽበት ከታብሌቱ ውስጥ ማማ አሚናም «አታላይ!» ብለው ሲጮሁ ተሰሙ።

እህትማማቾቹ ተኳረፉ። ሽቅድምድሙን ግን፣ ቀድሞ የተወ ተሸነፈ ይባላል ብለው ሁለቱም አልተዉትም። ቱርኪያና ቶይባ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ጎን ለጎን ነው የሚነዱት፤ ስለ ቤተሰባቸው፣ ስለ ናፍቆታቸው፣ ስለ ማማዎቻቸው ወጥ ጨው መብዛት እያወሩ ቀስ ብለው ተራራውን ይወጣሉ። ሁልጊዜ አቻ ይወጡ ጀመር። ማማ ሀሊማ አፑ ተበላሽቷል አሉ።

ክልከላው ሲላላ ማማ አሚና ቶይባን አስከትለው ሲብ መጡ። እህትማማቾቹ በሩ ላይ ተያዩ፤ ኩርፊያው ጠፋባቸው።

«ቀጠንሽ!»

«አንቺስ! ቀሚስሽ እኮ ሰፍቶሻል!»

ምን እንዳቀጠናቸው አንዳቸውም አልተናገሩም። ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ ግን ሁለቱም እኩል ብድግ አሉና ሳህን ለማንሳት እጃቸው አንድ ትሪ ላይ ተገናኘ። ተያዩ። ማማ አሚና «ልብስም አጥቤያለሁ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ማማ ሀሊማ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ሽቅድምድሙ በዚሁ ቀረ። የቤቱን ሥራ ግን ማማ ሀሊማ ለቱርኪያ ሙሉ በሙሉ ሊመልሱላት አልፈለጉም፤ ደረጃውና ሩዙ የኔ ነው ብለው ያዙ። ዓርብ ዓርብም ቱርኪያ ከቶይባ ጋር እንድትወጣ ፈቀዱላት።

በመጀመሪያው ዓርብ ሁለቱ ሲብ ባሕር ዳር ሄደው ብስክሌት ተከራዩ። ያን ሁሉ ተራራ የወጣችው ቱርኪያ ዘላ ወጥታ፣ ፔዳሉን አንዴ ረገጠችና አሸዋው ላይ ተዘረጋች።

«እንዴ!» አለች አፏ ውስጥ የገባውን አሸዋ እየተፋች። «ይሄኛው ይወድቃል እንዴ?»

ቶይባ ልታነሳት ስትቸኩል የራሷን ለቀቀችው፤ እሱም ወደቀ። ሳቃቸው ሲበርድላቸው ብስክሌቶቹን አነሱና፣ የመግሪብ ሶላት እስኪደርስ ድረስ በእጃቸው እየገፉ በባሕሩ ዳር ተራመዱ።