ሳልጮህ የተሰበረው እጄ

እኛ ቤት ያመመው ሰው ይጮኻል። እናቴን ቢላ ጣቷን ሲነካት ጎረቤት ይሰማል፤ ታላቅ ወንድሜ መርፌ ሊወጋ ሲሄድ ገና ከበሩ ላይ ያቃስታል። እኔ ግን ዝም ነው። ሳይሰማኝ ቀርቶ አይደለም፤ ይሰማኛል፣ ብቻ ጩኸት ሆኖ አይወጣም።

ባለፈው ሰኔ ለአባቴ ከሽሮ ሜዳ ክር ገዝቼ ስመለስ ቁልቁለቱ ላይ ጭቃው አዳለጠኝና በቀኝ እጄ ወደቅሁ። ቤት ገብቼ፣ "እማዬ፣ እጄ የተሰበረ መሰለኝ" አልኳት።

"የተሰበረ ሰው እንዲህ ቆሞ ያወራል?"

"ተያት" አለ ወንድሜ፣ "የነገው የሒሳብ ፈተና ነው ያመማት።"

እናቴ ለማንኛውም ብላ ሰፈራችን ወዳሉት ወጌሻ ወሰደችኝ። ወጌሻዋ እማማ ቅቤ ቀብተው አንጓዬን ጫን ጫን አደረጉት። ጥርሴን ነከስኩ።

"እዚህ ጋ?"

"አዎ፣ እሱ ጋ በጣም ያማል" አልኩ በቀስታ።

እማማ ሳቁ። "ወለምታ ነው፣ አትስጉ። ስብራት ሲነካ እኮ ልጅ በጩኸት ጣራ ይበሳል!"

ከዚያ አሹኝ። መሃል ላይ ልጩህ እንዴ ብዬ አስቤ ነበር፣ እውነቴን ነው። ግን ማስመሰል መሰለብኝና ተውኩት።

በማግሥቱ ፈተናውን በግራ እጄ እንደምንም ሞነጫጨርኩ። ከሰዓት፣ ሸማ ለሚሠራው አባቴ ክር ላጠነጥንለት ተቀመጥኩ። ክሩ ደጋግሞ ከእጄ ወደቀ። አባቴ ሥራውን አቁሞ አየኝ። ያምሻል ወይ አላለኝም።

"እስቲ የበሩን ቁልፍ አዙሪው" አለኝ።

አንጓዬ እምቢ አለ። አባቴ ተነሥቶ ጫማውን አደረገ።

ከአባቴና ከእናቴ ጋር ሆስፒታል ሄጄ ራጅ ተነሣሁ። ሐኪሟ "ከአስር ስንት ያምሻል?" ስትለኝ አሰብኩና "ስድስት" አልኩ። እናቴ ከኋላዬ "ይኸው!" አለች ለአባቴ። ሐኪሟ ግን ራጁን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አሳየቻት፤ አጥንቴ ላይ ለእኔም የሚታይ መስመር ነበር። እናቴ በነጠላዋ አፏን ያዘች። እኔ ደግሞ፣ ምን ልበላችሁ፣ ደስ አለኝ! አጥንቴ መሰከረልኝ።

እጄ በጀሶ ታስሮ ተቀምጬ ሳለ እማማ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ።

"አንቺ ልጅ፣ ምነው አንዴ እንኳ ብትጮኺልኝ?"

"ያማል ብዬዎት ነበር እኮ፣ እማማ።"

ብርቱካኑን መላጥ ጀመሩ። "ብለሽኛል" አሉ ልጠው ሲጨርሱ፣ የመጀመሪያዋንም ፍሬ አጎረሱኝ።

በቀደም፣ ጀሶው ከተፈታ ከርሞ፣ ሆዴን አመመኝ። እንደ ልማዴ በቀስታ ለእናቴ ነገርኳት። ወጡን ከእሳት አወረደችና፣ "የቱ ጋ ነው?" አለችኝ።

"ኧረ አልጮኸችም እኮ!" አለ ወንድሜ።

"ዝም በል አንተ" አለችው ነጠላዋን እያነሣች። "የእሷ ጩኸት ይኼ ነው።"