አሥራ ዘጠኝ ፊርማ

መምህር ወልደሰንበት ነገሌ ባለ አንድ ኮሌጅ ሥነ ዜጋ ሲያስተምር አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ማይክ ከያዘ መልቀቅ አይሆንለትም። ጉዱን ያፈላውም ይኸው አመሉ ነው።

አምና አምስት ኮምፒዩተሮች ጠፉ ተባለ። የኮምፒዩተር ክፍሉ ከተማሪዎች ኳስ ቡድን ዕቃ ቤት ጋር በበር ይገናኛል፤ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ደግሞ አምበሉ ጃልዴሳ እጅ ነበር። ከዚህ ሌላ ማስረጃ ማን ፈለገ! ወልደሰንበት "የኳስ ቡድኑ ሌቦች ይባረሩልን" ብሎ አቤቱታ ጻፈ፤ አሥራ ስምንት መምህራን ከሥሩ ፈረሙ። ሰኞ ጠዋት ተማሪው እንደተሰለፈ አቤቱታውንና የፈራሚዎቹን አሥራ ዘጠኝ ስም አንድ በአንድ በማይክ አነበበው። ጃልዴሳ በዚያው ቀን ልብሱን ሸክፎ አገሩ አሬሮ ገባ።

ከሦስት ወር በኋላ ኮምፒዩተሮቹ በአይሱዙ ተጭነው ከች አሉ። ለካ የቀድሞው ንብረት ክፍል ሠራተኛ ለጥገና ልኳቸው፣ ለማንም ሳይናገር ተዛውሮ ኖሯል።

ወሬው የመምህራን ላውንጅ ደረሰ። ከዚያ አንዱ "ቢሆንም ልጆቹ ጥጋበኞች ናቸው" አለ። ሌላው "እኔ እንኳ አንተን አምኜ ነው የፈረምኩት" ብሎ ወልደሰንበት ላይ ዞረበት። ከዚያ ወዲህ ሻዩን የሚጠጣው ብቻውን ነው።

የዘንድሮው ምዝገባ ሊዘጋ ሳምንት ሲቀረው ወልደሰንበት አሬሮ ወረደ። ጃልዴሳን ከብት ገበያ አገኘው።

"አካም፣ መምህር? ናጋ?" ብሎ ልጁ በትሕትና ሰላምታ ሰጠው።

"ተሳስቻለሁ፤ ይቅር በለኝ። ተመለስና ትምህርትህን ጨርስ።"

"እዚህ ይቅርታ ሲሉኝ የሚሰማው ግመል ብቻ ነው። ያን ቀን አንቱ አሥራ ዘጠኝ ስም ነው ያነበቡት። ለይቅርታውም ያንኑ ያንብቡልኝ፤ ሰኞ እመጣለሁ።"

ወልደሰንበት አዲስ የይቅርታ ወረቀት ይዞ በየቢሮው ተንከራተተ። አንዱ ስብሰባ አለብኝ አለው፣ አንዱ ስልክ ሲያወራ ቆየ። የሒሳብ መምህሯ ጠጂቱ ብቻ እስክሪብቶውን ተቀበለች፤ ጥቂት ይዛው ቆየችና ሳትፈርም መለሰችለት።

ሰኞ ተማሪውና መምህራኑ በተሰለፉበት ይቅርታውን በማይክ አነበበ። ከሥሩ የራሱን ስም አነበበ። ሌላ የሚነበብ አልነበረም። በሕይወቱ እንደዚያ ብቸኝነት ተሰምቶት አያውቅም።

ሻንጣውን ይዞ የግቢው በር ላይ ቆሞ የነበረው ጃልዴሳ ቀርቦ በሁለት እጁ ጨበጠው።

"ገላቶማ፣ አመሰግናለሁ መምህር። አንቱን ይቅር ብያለሁ።"

"በል ና፣ ሄደን እንመዝግብህ።"

"ከአሥራ ስምንቱ ፊት ተቀምጬ እንዴት እማራለሁ?" አለና ወዳመጣው ባጃጅ ተመለሰ።

ወልደሰንበት ማይኩን አልዘጋውም ነበር። ጥያቄውን አሥራ ስምንቱም ሰሙት። ወደየክፍላቸው ሲሄዱ አንዳቸውም ዞር አላሉም።