አርፍዶ ለገባ ሰው ፊልም ማስረዳት

ሲኒማ ቤት ሙሉ ሰው ዞሮ አይቷችሁ ያውቃል? ማለቴ፣ ከፊት ድብድብም ዘፈንም እየታየ፣ ያን ሁሉ ትቶ ሴቱም ወንዱም አንገቱን ጠምዝዞ እናንተን ብቻ? እኔ አስመራ በገባሁ በሁለተኛው ወር ደርሶብኛል። ነገሩ እንዲገባችሁ ግን ከመነሻው ልጀምር። መምህር ነኝና ከመሃል መጀመር አይሆንልኝም።

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት የኤርትራ ነጻነት ከታወጀ በኋላ በነበረው ክረምት መጨረሻ ላይ ነው። የመነሻዬ ዕለት ማታ እናቴ ሻንጣዬን ስትከፍትና ስትዘጋ አመሸች። እሷ አስመራ ተወልዳ፣ በሙሽርነቷ ወደ አዲስ አበባ መጥታ፣ ከዚያ ወዲህ አስመራን ያላየች ሴት ናት። እኔ ደግሞ ከናካቴው አይቻት አላውቅም። ሆኖም ሊሰናበተኝ የመጣው ጎረቤት ሁሉ፣ “ወደ አገርህ ልትመለስ ነው አሉ” ይለኛል። ሰው ሄዶበት ወደማያውቀው ቦታ ሊመለስ እንደማይችል ለእያንዳንዱ ማስረዳት ጀመርኩ። ሦስተኛው ጎረቤት ላይ ስደርስ እናቴ፣ “ዮናስ፣ አዎ በላቸውና ሻያቸውን ይጠጡ” አለችኝ።

ድንበሩ ላይ የላስቲክ ሸበጥ ያደረገች ታጋይ አውቶቡሱን አስቁማ ዕቃችንን ፈተሸች።

“ካርቶኑ ውስጥ ምንድን ነው?”

“መጻሕፍት።”

“ሁሉም?”

“ሁሉም። ከላይ ያሉት የሳይንስ ናቸው። ከሥር ልብ ወለድ አለ፣ በጎን በኩል ደግሞ ስለ ስፖርት አንድ ሁለት...”

“የሚበላ የለም?”

“የለም። አደራደሩን ባሳይሽ ግን...”

“ይህን ሁሉ መንገድ የሚበላ ሳትይዝ?” ከኪሷ እነሱ ባኒ የሚሉትን ትንሽ ዳቦ አውጥታ ግማሹን ቆርሳ ሰጠችኝ። “እንካ። ሂድ። ካርቶኑን ግን አትፍታው፣ ሰዎቹ ቸኩለዋል።”

አስመራ የገባሁት አፌ ዳቦ እንደ ጎረሰ ነው ማለት ይቻላል።

ሥራዬ ከአዲስ አበባ ለመጡ ቤተሰቦች ልጆች በአማርኛ ሳይንስ ማስተማር ነበር። ትምህርት ቤቱ ከመደበር ብዙ አይርቅም። መደበር በርሜል ምጣድ፣ የመድፍ ቀለሃ የአበባ ማስቀመጫ የሚሆንበት የቀጥቃጮች ገበያ ነው። ስለ ድምፅ ሞገድ ሳስተምር ምሳሌ ፍለጋ አልደከምኩም፤ መስኮቱን መክፈት ብቻ ነው። ዋናውን ነገር ግን ልንገራችሁ። የተቀጠርኩት ለሁለት ወር ሙከራ ነው። ከዚያ ርእሰ መምህሩ ካጸደቁልኝ እቆያለሁ፤ ካላጸደቁልኝ ካርቶኔን ተሸክሜ ወደ እናቴ። እዚህ ሌላ የማውቀው ሰው፣ ሌላም ሥራ አልነበረኝም፤ ትግርኛዬም ሌላ ሥራ የሚያስቀጥር አልነበረም።

ርእሰ መምህሩ መምህር ዘርአይ ይባላሉ። ቀጭን፣ ጸጥ ያሉ፣ ክራቫታቸው ለጥ ያለ። ጸጥታ የእሳቸው ብቻ ጠባይ አይደለም፣ የከተማው ነው። አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ከአራት ኪሎ ፒያሳ እስክትደርሱ የጎረቤታችሁን የጨጓራ በሽታ ታሪክ ትሰማላችሁ። እዚህ አውቶቡስ ላይ ሰው ለብሶ ተኳኩሎ፣ ፌርማታው እስኪደርስ ወደ ፊት ያያል። እኩለ ቀን ላይ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ከተማው ይተኛል። እኔ የመጀመሪያውን ሳምንት አንድ ትልቅ ሰው ሞቶ መስሎኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ስሄድ ሰነበትኩ። ቡናው ወፍራምና ትንሽ ነው፣ አየሩ ስስ፣ ጥላ ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ብርዱ ከአጥንት ይደርሳል። ስፖርት ሲባል እኛ ኳስ ነው የምናስበው፤ እዚህ ብስክሌት ነው። የቤት አከራዬ አደይ ለተብርሃን ክፍሉን ከማሳየታቸው በፊት የጠየቁኝ፣ “ብሽክለታህን የት አቆምኸው?” ብለው ነው።

“የለኝም፣ አደይ።”

“ተሰረቀብህ?”

“ኖሮኝ አያውቅም።”

ከራሴ እስከ እግሬ አዩኝ። “ጉልበትህን ያምሃል፣ ወደይ?” ልጄ ማለታቸው ነው።

“ደህና ነኝ።”

“እንግዲያስ ታርፋለህ” አሉና ቁልፉን ሰጡኝ። ስለ ጉልበቴ ምን እንደ ወሰኑ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ወደ ሲኒማው ልመለስ። አዲስ አበባ እኛ ሰፈር ቪዲዮ ቤት ውስጥ አንድ ደንብ አለ፤ ማንም አልጻፈውም፣ ሁሉም ያከብረዋል። ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ የሚገባ ሰው አጠገቡ ከተቀመጠው ሰው ማብራሪያ ይገባዋል። “ይሄ ጥቁር ሹራብ የለበሰው አባቱን የገደለው ነው፣ ሴትዮዋ ግን አላወቀችም” ይባላል፤ እሱም “እሺ” ብሎ ይቀጥላል። ሰውን በጨለማ ውስጥ ጨለማ አድርጎ መተው ነውር ነው። እኔ ደግሞ በዚህ ሥራ በሰፈሩ የታወቅሁ ነበርኩ። ሰዎች ሆን ብለው አርፍደው አጠገቤ ይቀመጡ ነበር።

የዚያን ቅዳሜ የህንድ ፊልም ነበር። የአስመራ ሲኒማ ቤት እንደኛ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ የተደረደረበት አይምሰላችሁ። ወንዱ ኮት፣ ሴቷ ነጠላ ለብሰው ነው የሚገቡት፤ መግቢያው ላይ ቡና የሚጠጣበት ባንኮኒ አለ፤ ወንበሩ ቀይ ከፋይ ነው። ፊልሙ ሩብ ያህል ከሄደ በኋላ አንድ ኮፍያ የያዙ ሰውዬ በቀኜ ተቀመጡ። ደንቡን አከበርኩ።

“ያመለጠዎትን ልንገርዎ” አልኳቸው። “ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው፤ እነሱ ግን አያውቁም። ትልቁ ፖሊስ ሆኗል፣ ትንሹ ሌባ። ይቺ የምታለቅሰው እናታቸው ናት። አሁን ትዘፍናለች። ለምን እንደምትዘፍን ለማስረዳት ግን ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ...”

ሰውዬው አልመለሱም። ዓይናፋር መሰሉኝና ድምፄን ትንሽ ከፍ አደረግሁ። ያኔ ነው አዳራሹ የዞረው። አንድም ሰው አልጮኸ፤ ቢጮሁብኝ ይሻል ነበር። ብቻ አዩኝ። ከሁለት ረድፍ ፊት ከዞሩት ፊቶች መካከል አንዱ የመምህር ዘርአይ ነበር። ከጎናቸው ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ እሳቸው ብቻ አልዞሩም፣ ጆሯቸውን ግን ወደ ኋላ አዘንብለዋል።

ባትሪ የያዙ አስተናጋጅ መጡ። “ትኬት።”

ሰጠኋቸው። በባትሪው አዩት፣ እኔንም አዩ።

“ይህ ለማየት ነው” አሉ።

“ለማውራትስ?”

“ለማውራት ወጪ የለውም። ውጭ ነው።” ክንዴን በአክብሮት ይዘው አስወጡኝ። ባንኮኒው ላይ ቡና ጋበዙኝ፤ የፊልሙን መጨረሻ ልነግራቸው ስጀምር ግን፣ እንደ ወንድም ቆጥረው፣ “ሓወይ፣ እኔ ዛሬ ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ” አሉኝ።

ሰኞ ጠዋት መምህር ዘርአይ ቢሯቸው አስጠሩኝ። በሩ ላይ ስደርስ ካርቶኔን በልቤ እያሰርኩ ነበር።

“ቅዳሜ አየሁህ” አሉ።

“እኔም አየሁዎት።”

“ሁሉም ተያየ።” ክራቫታቸውን አስተካከሉ። “አብረውኝ የነበሩት አማቴ ናቸው፣ አቦይ ሃብተ። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ቅዳሜ ግን ሲኒማ አይቀሩም፤ ወንበሬ የሌላ ሰው አይሆንም ይላሉ። እኔ አዳራሽ ውስጥ ማውራት አልችልም። ቤት ስንገባ እነግራቸዋለሁ።”

“ምን ብለው ይነግሯቸዋል?”

“ተጣሉ፣ ከዚያ ታረቁ።”

ለአንድ የህንድ ፊልም ይህ ምን ያህል በደል እንደሆነ ልነግራቸው ስል ሙከራ ላይ መሆኔ ትዝ አለኝ።

“ቅዳሜ ሲወጡ፣ ያ ባለጌ ልጅ የማን ነው አሉኝ” ቀጠሉ መምህር ዘርአይ። “የኔ መምህር ነው አልኳቸው። አምጣልኝ አሉ። እሁድ የብስክሌት ውድድር አለ። ይዘሃቸው ሂድ። ደጅ ስለሆነ የፈለግኸውን ያህል አውራ።”

“የቅጥር ጉዳዬስ?”

“የተማሪዎቹ ወላጆች በደንብ ታስረዳለህ ይላሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ማስረዳት አታቆምም ይላሉ። አማቴ ይለዩልኛል።”

ይህ ቀልድ መሰለኝ፤ ፊታቸው ላይ ግን ቀልድ አልነበረም። አቦይ ሃብተ በወጣትነታቸው ብስክሌት ተወዳዳሪ እንደነበሩ፣ በዚያ ቤት የሳቸው ቃል እንደማይታጠፍ የሰማሁት በኋላ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከካርቶኔ የስፖርቱን መጽሐፍ አውጥቼ የብስክሌቱን ምዕራፍ አጠናሁ። ከማርሽ እስከ ነፋስ ግፊት የቀረኝ የለም።

እሁድ አቦይ ሃብተን ክንዳቸውን ይዤ የከተማው ዋና መንገድ በሆነው ጎዳና ሓርነት ላይ፣ ከዘንባባዎቹ ሥር ቆምን። ከተማው በሙሉ ወጥቷል። እኔም ጀመርኩ። “አቦይ፣ ብስክሌት ሲሄድ የማይወድቀው ለምን እንደሆነ አስበው ያውቃሉ? ጎማው ሲሽከረከር...” እያልኩ፣ ከፊት ያለው ሽክርክሪት ከኋላው በምን እንደሚለይ እየዘረዘርኩ ሳለሁ፣ ፊቴን ነፋስ ገረፈኝ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ፣ ከዚያ ጸጥ አለ።

“አለፉ?” አሉ አቦይ ሃብተ።

“አለፉ።”

“ማን መራ?”

“አላየሁም፣ አቦይ። እያስረዳሁ ነበር።”

ወደ እኔ ዞሩ። “አየህ፣ ወደይ፣ ብሽክለታ ለምን እንደማይወድቅ እኔ ሳልማር ነው ያወቅሁት፤ በመውደቅ። አንተ ዓይን አለህ። ዓይንህን አውሰኝ እንጂ መጽሐፍህን ማን ጠየቀህ?”

“ምን ልበል ታዲያ?”

“ያየኸውን። ሲመጡ።”

ሁለተኛው ዙር መጣ። “ቀይ ማሊያ ፊት ነው” አልኩ። “ቆሞ ነው የሚነዳው። አፉ ተከፍቷል። ሰማያዊ ከኋላው ተጣብቋል፣ ተቀምጧል፣ ትከሻው አይነቃነቅም። ወፍራሙ ቀርቷል፣ ውሃ ራሱ ላይ አፈሰሰ።”

“ቀዩ አለቀለት” አሉ አቦይ ሃብተ። “እሱን ተወው። ሰማያዊውን ያዝልኝ።”

በሦስተኛው ዙር ቀዩ እውነትም የለም። ከኋላችን ቁመታቸው ያላደረሳቸው ሴቶች፣ “ኣንታ፣ መን ኣሎ ቅድሚት?” ይሉኝ ጀመር፤ ማን ከፊት እንዳለ ነው የሚጠይቁት። ነገርኳቸው። አንዱ ወንበር አመጣልኝና ወጣሁበት። ቅዳሜ ያስወጡኝ አስተናጋጅ ከሰዉ መሃል ሆነው ወደ ላይ ሲያዩኝ አየኋቸው፤ እሳቸውም የጠየቁኝ፣ “ሰማያዊው ደረሰ?” የሚል ነው። “በጸጥታ ይመልከቱ” ማለት አማረኝ፤ ግን ነገርኳቸው።

በመጨረሻው ዙር ሰማያዊና አንድ ቢጫ ጎን ለጎን መጡ። አቦይ ሃብተ ክንዴን ጨበጡ፤ ሰማያዊው ገና ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ የሳቸው ሆኗል። መስመሩ ላይ ሲደርሱ አንድ ሰው ከፊቴ ልጁን ትከሻው ላይ ሰቀለ። ግማሹ ሕዝብ “ሰማያዊ” ብሎ ጮኸ፣ ግማሹ “ቢጫ”።

“ማን?” አሉኝ።

ሰማያዊ ብላቸው ደስ ይላቸው ነበር። እሳቸው ደስ ቢላቸው ደግሞ የኔ ጉዳይ ያልቃል። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

“አላየሁም፣ አቦይ። አንድ ሕፃን ከለለኝ።”

እጃቸውን ከክንዴ አላነሡም። ድምፅ ማጉያው የቢጫውን ስም እስኪጠራ ቆምን። ከዚያ፣ “ቤት አድርሰኝ” አሉ። በመንገድ ላይ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ እኔም፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፣ ዝም አልኩ።

ደጃፉ ላይ መምህር ዘርአይ ጠበቁን።

“እንዴት ነበር?”

“ስለ ብሽክለታ ምንም አያውቅም” አሉ አቦይ ሃብተ። “ያላየውን ግን አላየሁም ይላል። አንተ እንኳ ፊልሙ ላይ ትተኛና ታረቁ ትለኛለህ።” ገቡ።

መምህር ዘርአይ እስከ ጆሯቸው ቀሉ። “እንግዲህ ቆየህልን” አሉኝ። “ሲኒማ ቤት ግን ከእኔ ራቅ ብለህ ተቀመጥ።”

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እኔና አቦይ ሃብተ ሰገነቱ ላይ የመጨረሻውን ጥግ ይዘናል። የፊልም ማሳያው መሣሪያ ከኋላችን ስለሚንገጫገጭ ሹክሹክታችን ወደ ታች አይደርስም። ቦታውን የመረጡልን አስተናጋጁ ናቸው። በፊልሙ መሃል ለማስረዳት ስሞክር አቦይ ሃብተ ጉልበቴን በከዘራቸው ነካ ያደርጋሉ፤ ወደማየው እመለሳለሁ።

ሥራው መጽደቁን ለእናቴ ልነግራት ቴሌ ሄድኩ። ተራ ጠብቄ፣ መስታወት ያለው ሳጥን ውስጥ ገብቼ ደወልኩ።

“እማዬ፣ ጸድቆልኛል። እቆያለሁ።”

“ተመስገን። ከተማዋስ እንዴት ናት?”

በየደብዳቤው፣ “ቆንጆ ናት፣ አየሩ ተስማምቶኛል” ስላት ነው የከረምኩት። አሁንም ያው ሊወጣኝ ሲል ወደ ደጅ አየሁ።

“አንድ ሽማግሌ ካፖርት ለብሶ አይስክሬም ይበላል” አልኳት። “ሁለት ሴት መነኮሳት መንገድ እየተሻገሩ ነው፤ አንዷ ዣንጥላ ይዛለች፣ አልዘረጋችውም። አንድ ሰው ብስክሌት ላይ መሰላል አግድም ጭኖ፣ ሰዉ ሁሉ ጎንበስ እያለ ያሳልፈዋል።”

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

“እማዬ?”

“ፀሐይዋ የት ደርሳለች?”

“ከማዶ ያለው ግድግዳ ላይ፣ ግማሹ ድረስ።”

“እንግዲያው አሁን ሰዉ ለሽርሽር ይወጣል” አለች። “ልጃገረዶቹ እንደ እኛ ጊዜ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ይሄዳሉ?”

“አሁን ሦስት እየመጡ ነው። ተያይዘዋል።”

“መሃል ያለችው ምን ለብሳለች?”

“ነጭ ቀሚስ።”

ስትተነፍስ ሰማኋት። “ልጄ” አለች፣ “ፊቷን ታየዋለህ?”

“አላየውም፣ እማዬ። አልፋለች። ጀርባዋን ነው የማየው።”

“እስክትጠፋ ንገረኝ” አለች፤ ነገርኳት። ከዚያ ጊዜው አልቆ መስመሩ ተቆረጠ።

አገር ለቃችሁ የምትኖሩ ካላችሁ፣ አንድ ነገር ሞክሩልኝ። ወደ ቤት ስትደውሉ፣ “ደህና ነኝ፣ አገሩ ጥሩ ነው” ከማለታችሁ በፊት መስኮት አጠገብ ቁሙ። በመጀመሪያ ከሚያልፈው ሰው ጀምሩ፤ ምን እንደለበሰ፣ ምን እንደያዘ፣ ወዴት እንደሚሄድ ንገሯቸው። ያላያችሁትን አላየሁም በሉ። ከዚያ ለጥቂት ጊዜ ዝም በሉና ከወዲያ ማዶ ምን እንደሚጠይቋችሁ ስሙ።