የሌንሳ ልክ

ጋዲሴ ከሰው ሁሉ አብልጣ የምትጠየፈው «የኔ ቆንጆ» እያለ ጉልበቷን የሚደባብሳትን ነው። ስድብ ይሻላታል። ሰዳቢ ቢያንስ ፊቷን እያየ ነው የሚሰድባት። ያኛው ግን አጎንብሶ እግሯን ያያል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ከዚያ ፎቶ አንሺውን ይጠራል።

አቃቂ በሰቃ ውስጥ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ባለች የቆርቆሮ ክፍል ዊልቸር ትጠግናለች። ሥራ አጥታ አታውቅም። ለሆስፒታል ወለል የተሠራ ወንበር ተገዝቶ ይመጣና ለአቃቂ ሰው ይሰጣል፤ ኮብልስቶኑ ላይ ወር ሳይሞላው የፊት ጎማው ይሰነጠቃል፣ ኩሽኔታው ጭቃ ይጠግባል፣ የእግር ማሳረፊያው ይገነጠላል። ጋዲሴ ሰጪዎቹን ስማቸውን እየጠራች ትራገምና ብየዳዋን ትለኩሳለች። የራሷን ወንበር ራሷ ነች የሠራችው። የኋላዎቹ ጎማዎች የብስክሌት ናቸው፣ የፊቷ አንዲት ጎማ የእጅ ጋሪ ነበረች። ወንበሯ ታስቃለች እንጂ ሐምሌና ነሐሴን ያለ ገፊ ታሻግራታለች።

የተወለደችው አሁን ኮንዶሚኒየም የቆመበት መሬት ላይ ነው፤ ያኔ ጤፍ ይዘራበት ነበር። ሦስት ዓመት ሳይሞላት ፖሊዮ ሁለት እግሮቿን ወሰዳቸው። አሥራ ሁለት ዓመቷ ላይ እንግዶች በመኪና መጡና ከደጃፍ እስከ አጥሩ እንድትድህ ጠየቋት። ዳኸች። ብርሃኑ ለፎቶ አልመቸም ተባለና እንደገና ዳኸች። ለሦስተኛ ጊዜም ዳኸች። ወንበር ይመጣልሻል ብለዋት ነበር፤ የመጣው ካላንደር ነው። በእጆቿ መሬት ይዛ ወደ ላይ የምታየዋ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ቀበሌው ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ከረመች፤ መታወቂያ ሊያወጣ የሄደ ሰው ሁሉ አያት። ጋዲሴ ዛሬ አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ቤቷ ውስጥ ካላንደር አይሰቀልም።

ሰው ያደረጋት ፀሐዩ የሚባል ብረት ሠራተኛ ነው። ሰዎች ካላቸው ላይ እያዋጡ የሚደጉሙት ትንሽ የበጎ አድራጎት ወርክሾፕ ውስጥ ይሠራ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ታላቅ እህቷ አዝላ ስታደርሳት፣ ስሟን እንኳ ሳይጠይቅ ሜትሩን ዘረጋ። የዳሌዋን ስፋት፣ የጭኗን ርዝመት፣ ከጉልበቷ እስከ ተረከዟ ያለውን ለካና ደብተሩ ላይ ጻፈ። «በሌላ ሰው ልክ የተሠራ ወንበር ላይ ከተቀመጥሽ ወገብሽ ይጣመማል» አላት። ከንፈሩን አልመጠጠም። እንደ ሰው የለካት እሱ የመጀመሪያው ነው። ሙያውንም እዚያው አስተማራት። ያንን ወርክሾፕ የሚደጉሙትን ሰዎች አንድ ቀን እንኳ ካሜራ ይዘው ሲመጡ አላየቻቸውም። ከዚያ ወዲህ «ልኬት» የሚለው ቃል ለጋዲሴ ትልቅ ቃል ነው፤ በዋዛ ሲጠራ ደሟ ይፈላል።

ጎረቤቷ ፈየራ ቂሊንጦ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ጫኝና አውራጅ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጁን ሌንሳን በየጠዋቱ አዝሎ ትምህርት ቤት ያደርስና የፋብሪካውን ሰርቪስ ሮጦ ይይዛል። ሌንሳ ከተወለደች ጀምሮ እግሮቿ አይታዘዙላትም፤ አፏና ጭንቅላቷ ግን ለሦስት ሰው ይበቃሉ። ባለፈው ግንቦት የፈየራ ወገብ ተያዘ።

«መስከረም ላይ ላዝላት አልችልም» አለ ጋዲሴ ደጃፍ ተቀምጦ። «ወንበር ካላገኘች ትምህርቷ ሦስተኛ ክፍል ላይ ማብቃቱ ነው።»

ጋዲሴ ከአሮጌ ብረት ልትሠራላት አሰበች፤ ለልጅ የሚሆን ጎማ ግን አላገኘችም። እንዲህ እያሉ ነሐሴ ላይ አንድ ድርጅት ለሌንሳ ወንበር ሊሰጥ ነው ተባለ።

ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ላይ ድንኳን ተተከለ። ባነሩ «የግንዛቤ ማስጨበጫና የርክክብ ፕሮግራም» ይላል። ሁለት መኪና፣ የሠርግ ቤት የሚያህል ድምፅ ማጉያ፣ ለእንግዳው ሁሉ ካናቴራ፣ እሽግ እሽግ የታሸገ ውሃ፣ እና አንዲት ዊልቸር። አንዲት! እሷም መቀመጫዋ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ቀይ ሪባን ታስሮባት። ጋዲሴ የተጠራችው «ተምሳሌት» ተብላ ነው፤ የወንበሩን ቡሎን እግረ መንገዷን እንድታጠብቅም ነው።

«ጋዲዬ! የኔ ቆንጆ!» አለች የድርጅቱ ሕዝብ ግንኙነት፣ ነጭ ጫማ ያደረገችው እምነት። ጉልበቷንም ደባበሰቻት።

ጋዲሴ የመጣላትን ስድብ ውጣ ወደ ወንበሩ ጎንበስ አለች። የእግር ማሳረፊያውን ስታጠብቅ ጣቷ ከአዲሱ ቀለም ሥር አንድ እብጠት ነካ። ብየዳ ነው። ጫፉ ላይ ወደ ኋላ የተመለሰ ብየዳ፤ በአቃቂ እንዲህ አድርጎ የሚጨርስ ሌላ ሰው የለም። የራሷ እጅ ነው። ሚያዝያ ላይ ለጋሽ ወልደሰንበት የበየደችው ነው፤ በስኳር ሕመም አንድ እግራቸውን ላጡት የመጋዘን ዘበኛ። እሳቸውም ከዚሁ ድርጅት በጭብጨባ ነበር የተቀበሉት። ከበየደችላቸው በኋላ ሳምንት ሳይሞላ በክራንች ሲያነክሱ አግኝታ ወንበሩ የት ሄደ ብትላቸው፣ «ለልኬት ብለው ወሰዱት ልጄ፤ እስካሁን እየለኩኝ ነው» ብለው ስቀው ነበር።

አንዲቷን ወንበር ቀለም እየቀቡ፣ ሪባን እየቀየሩ፣ ከሰፈር ሰፈር ያስረክቧታል ማለት ነው። ለፈየራ በጆሮው ነገረችው።

«ዝም በይ በናትሽ» አለ ፈየራ። «ዛሬ ከተበጠበጠ ባዶ እጃችንን ነው የምንሄደው። መጀመሪያ ይስጧት።»

ቡሎኑን ማጥበቋን ቀጠለች። ራሷን የተጠየፈችው ያን ጊዜ ነው።

«በፊትና በኋላ አድርገን ነው የምንቀርጸው» አለች እምነት። «መጀመሪያ ሌንሳዬ ያለ ወንበር ስትመጣ።»

«ያለ ወንበር አባቷ ነው የሚያዝላት» አለች ጋዲሴ። «እሱን ቅረጹ።»

«አይ፣ አባት ሲያዝል ያምራል እንጂ አያሳዝንም። ሰው እንዲረዳ ሆዱ መባባት አለበት። መሬት ላይ ትሁን።»

ሌሊቱን ዘንቦ ሜዳው ጭቃ ነው። ሌንሳ አባቷን አየች፤ ፈየራ የጫማውን አፍንጫ አየ። ልጅቷ ቤቷ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ትድህ ይሆናል፤ ሰው ፊት፣ ሜዳ ላይ ግን መሬት ወርዳ አታውቅም። ወረደች። እስከ ወንበሩ ድረስ በክንዷ ተጎተተች። ካሜራ የያዘው ሰው ደመና መጣብኝ፣ አንዴ እንድገመው አለ። ደገመችው። ጋዲሴ ቢያንስ እዚህ ላይ መጮህ ነበረባት። የመሣሪያ ቦርሳዋን ዚፕ ስትከፍትና ስትዘጋ ቆየች። ግንዛቤ ማስጨበጫ ይላል ባነሩ፤ ልጅቷን ያስጨበጧት ጭቃ ብቻ ነው።

ከዚያ ሪባኑ ተቆረጠ፣ ሌንሳ ላስቲኩ ላይ ተቀመጠች፣ እልል ተባለ። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ማይክራፎን ይዞ «ይህን ወንበር ዛሬ ለልጃችን ሰጥተናታል!» አለ። ወንበሩ የጎልማሳ ነው፤ የልጅቷ እግሮች ማሳረፊያውን ሳይነኩ አየር ላይ ተንጠለጠሉ። ጭብጨባው በረድ ሲል ሥራ አስኪያጁ ማይክራፎኑን ዝቅ አደረገና የወንበሩን እጀታ ያዘ።

«አባትየው፣ ለጊዜው ይዘነው እንሄዳለን» አለ። «ሰፍቷታል እኮ። ለልኬት ነው። በሳምንት እንመልሰዋለን።»

ለልኬት! ጋዲሴ ጎማዋን ገፍታ መሃላቸው ገባችና የሌንሳን ወንበር ፍሬን ቆለፈች።

«ለልኬት ከሆነ እኔ አለሁ» አለች።

ላስቲኩን ከልጅቷ ሥር ጎትታ ቀደደችው። ሜትሯን ከኪሷ አወጣች። «ከጉልበት እስከ ተረከዝ፣ ሠላሳ ሁለት» አለች ጮክ ብላ፣ ልክ እንደ ፀሐዩ። ከመሣሪያ ቦርሳዋ ሰጌቶዋን መዘዘች፣ የእግር ማሳረፊያውን ቱቦ በእርሳስ ምልክት አደረገችና መቁረጥ ጀመረች። ብረቱ አፏጨ።

«ምን እያደረግሽ ነው!» ሥራ አስኪያጁ ደነገጠ፤ ማይክራፎኑ በእጁ መሆኑንም ረሳ። «የድርጅቱ ንብረት ነው!»

ድምፅ ማጉያው ቃሉን ተቀብሎ ለሜዳው ሁሉ አደለው። ሰው ተያየ።

«አሁን ሰጥተናታል አላሉም እንዴ?» አለች ጋዲሴ፣ ሰጌቶዋን ሳታቆም።

ከኋላ በኩል ጋሽ ወልደሰንበት ክራንቻቸውን አነሱ። «ለክታችሁ ከጨረሳችሁ የኔንም አምጡልኝ! ከሚያዝያ ጀምሮ እየጠበቅኩ ነው!»

ሳቁ ከዳር ተነስቶ መሃል ገባ። የሥራ አስኪያጁ ፊት ቀላ። ካሜራው ሥራ ላይ መሆኑን ሲያይ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ምን ችግር አለው፤ የልጅቷ ነው» አለ። ሁለተኛውም ቱቦ ተቆርጦ ጭቃው ላይ ወደቀ። ጋዲሴ ማሳረፊያዎቹን መልሳ ስታስር የሌንሳ እግሮች አረፉ። ከእንግዲህ ያቺን ወንበር ለጎልማሳ የሚያስረክባት የለም።

«ወርዱን ነገ ቤቴ አጠብበዋለሁ» አለች። «ለጋሽ ወልደሰንበት ደግሞ ሌላ አምጡ፤ እለካቸዋለሁ። በይ ሌንሳ፣ ጎማውን ያዢና ግፊ።»

ሌንሳ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ አንስታ አሳየቻት። «እትዬ፣ እጄ ጭቃ ነው። ጎማዬ ይቆሽሻል።»

ጋዲሴ ከታሸገው ውሃ አንዱን ከፍታ የልጅቷን ጣቶች አንድ በአንድ አጠበቻቸው። ፈየራ ፊቱን አዙሮ ያለቅሳል። ውሃው ከቡና ቀለም ወደ ንጹሕ ሲመለስ ሌንሳ አንገቷን ደፋችና በሹክሹክታ ጠየቀች።

«እትዬ፣ ያን ስድህ የቀረጹኝን የክፍሌ ልጆች ያዩታል?»

ጋዲሴ ሰጌቶዋን ከጭቃው ላይ አነሳች፣ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፣ ከዚያ ጎማዋን ካሜራውን ወደያዘው ሰው አዞረች።