የጡሩምባው ድምፅ ሥራ አገኘ

ጡሩምባው ሲወለድ የወጣለት ስም ነበረው፤ ግን ማን ያስታውሰው? ሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ «ኤርፖርት፣ ኤርፖርት» ማለት ከጀመረ ወዲህ ሚስቱ እንኳ ጡሩምባው ነው የምትለው። ሰውዬው ቀስ ብሎ መናገር አልፈጠረበትም። አንዴ ሆዱን እንዳመመው ለሐኪም ሲናገር፣ ደጅ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ «እግዜር ይማርህ» ብሎታል።

ታዲያ ኤርፖርቱ አደገ። መንደርደሪያው ረዘመ፣ ባለ መስታወት ተርሚናል ተሠራ፣ ከከተማ የሚያመላልስ ረጅም አውቶቡስ መጣ። ሚኒባሶች ደጁ ድርሽ እንዳይሉ ተባለ። ጡሩምባው ቀልቡ ተገፈፈ፤ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለ፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ሚስትና ልጆች እጁን ያያሉ።

እንዲህ ተጨንቆ ሳለ የአውቶቡሱ ኃላፊ አስጠራው። ተሳፋሪ የሚጠራ ድምፅ ሊቀዱ ፈልገው ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን መረጡ። ጡሩምባውም ተቀጠርኩ ብሎ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

መቅጃው ክፍል ሲገባ ግን ድምፁ ጠፋ። ወንበር ላይ ተቀምጦ እንዴት ብሎ ይጥራ? «እስቲ በሩን ክፈቱልኝ» አለ። ከፈቱለት። አንድ እጁን መቃኑ ላይ፣ አንድ እግሩን ውጭ አድርጎ ለቀቀው፦ «ኤርፖርት፣ ኤርፖርት፣ ሁለት ሰው ብቻ ነው የቀረው፣ ቶሎ በሉ።» ልማድ ነዋ። መኪናው ባዶም ቢሆን ለረዳት ምን ጊዜም የሚቀረው ሁለት ሰው ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ቀጂው እየሳቀ እንዳለ ተወው።

ባዶውን ሲመላለስ የሰነበተው አውቶቡስ ይህን እየለፈፈ ሲመጣ፣ ሕዝቡ ሻንጣውን እየጎተተ ይሮጥ ጀመር። ባዶ ወንበር ሞልቶ ተርፎ ሳለ በር ላይ ይጋፋል። ኃላፊው ውሸቱን ቢሰማም፣ አውቶቡሱ ሲሞላ አይቶ ዝም አለ።

ጡሩምባው ፀጉሩን ተስተካክሎ ሄደ። «ጌታዬ፣ ሥራ መቼ ልጀምር?»

«የምን ሥራ? ድምፅህ እኮ ጀምሯል።»

ጉዱን አያችሁ? የገዛ ጉሮሮው እንጀራውን ቀማው። ሚስቱ «ድምፅህ ሥራ ይዞ አንተ ቦዘንክ?» አለችው። አለቀሰ፤ ሰፈሩ በሙሉ ሰማው።

በማግስቱ ተመልሶ ለመነ። ደግነቱ፣ ከሩጫው ብዛት የሚደናቀፈውና ሻንጣው የሚፈታበት ስለበዛ፣ ኃላፊው ዕቃ የሚያነሳ ሰው እየፈለገ ነበር። ቀጠረው። «ግን ተሳፋሪውን በሁለት ወገን አናደነቁረውም። አንተ አፍህን እንዳትከፍት» አለው።

በመጀመሪያው ቀን የአንዲት እናት ሻንጣ ተሸክሞ አውቶቡሱ ውስጥ አስገባላቸው። ከላይ፣ ከድምፅ ማጉያው የራሱ ድምፅ ይጮሃል። እሳቸው ወደ ጣሪያው አንጋጠው ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ይሄ ለፍላፊ የማን ይሆን? እኔን ያሳዘነችኝ ሚስቱ ናት» አሉ። ከዚያ የጡሩምባውን ትከሻ መታ መታ አደረጉ። «ተባረክ ልጄ። እንዳንተ ያለውን ዝምተኛ ያብዛልን።»

ጡሩምባው ከንፈሩን ነክሶ ራሱን ብቻ ነቀነቀላቸው።