የሆድ ወጌሻዋ ራቢዓና ደረሳዋ

ሸዋ ሮቢት ላይ አጥንቱ የተሰበረ ወጌሻ ጋ ይሄዳል፣ ወባ የያዘው ጋቢው ውስጥ ይገባል፤ ሆዱ የተሰበረ ደግሞ ራቢዓ ጋ ይመጣ ነበር። ሰዉም «የሆድ ወጌሻ» ይላታል። ቅጠል አትበጥስም፣ ጅን አታባርርም። ሥራዋ መስማት ነው። ባል ያላቸው ሴቶች «ይኼም ሥራ ሆኖ» ብለው ይስቃሉ፤ ቤታቸው ውስጥ አንድም የሚሰማ ሰው እንደሌለ ትዝ ሲላቸው ግን ሳቁን ይተዉታል።

የታመመው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቁርበት ላይ ይቀመጣል። እሷ ከጀርባው ሆና ጥጥ ትፈትላለች፤ ጥጥ እንደሆነ ቆላ ውስጥ ከትንኝ ቀጥሎ የማይጠፋ ነገር ነው። ሰውየው የሚሰማው የእንዝርቷን ድምፅ ብቻ ነው። ሚስቴን መታሁ ቢል እንዝርቱ ይዞራል፤ የወንድሜን በሬ ሰረቅሁ ቢልም ይዞራል። እንዝርቱ ከቆመ ግን ሰውየው ይደነግጥና ያወጣውን መልሶ ይውጠዋል። ተመልሶ የተዋጠ ነገር ደግሞ ካልወጣው ይብሳል። ስለዚህ የሙያው ግማሽ ጆሮ ነው፣ ግማሹ እጅ።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ቤቷ ሞላ። ጣሊያን ድንጋይ ይፈነቅላል፣ መንገድ ይሠራል፣ ሰው ይሰቅላል፤ ሁሉንም በእኩል ትጋት። የተሰቀለውስ አረፈ፤ ራቢዓ ጋ የሚመጣው ቆሞ ያየው ነው። ብቻዋን ስላልቻለችው ሙያውን የምታስተምራት ደረሳ ያዘች። ሙሀባ ትባላለች፤ ሠላሳ ዓመት የሚሆናት፣ ባሏ መንገድ ሥራ ላይ በወባ የሞተባት ሴት ናት። ስድስት ወር ከራቢዓ ጎን ተቀምጣ ጥጥ ብቻ ፈተለች። ከዚያ በራሷ ጎጆ ሰው እንድትሰማ ተፈቀደላት፣ በአንድ ውል፤ በየሐሙሱ ከአሱር ሶላት በኋላ መጥታ የሰማችውን ራቢዓ ፊት ታፈሳለች።

«ሚስጥር ነው አላሉኝም ወይ፣ እትዬ ራቢዓ» አለች ሙሀባ መጀመሪያ ቀን።

«ሚስጥር ነው። ስም አታነሺም፣ ቦታ አታነሺም። የቀረውን ካላፈሰስሽው ግን ውስጥሽ ይገማል።»

«ከተሳሳትሁስ?»

«የሰማሽው ያንቺ ነው፤ የተሳሳትሽው የኔ ነው። አላህ ፊትም፣ ሰው ፊትም የምጠየቀው እኔ ነኝ። አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። በነገሩ ውስጥ የሥጋ ዘመድሽ ካለበት ‹ደሜ አለበት› ብለሽ ትነሺያለሽ። የራሱን ጥርስ የሚነቅል ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላየሁም።»

«ለዚህ ነው።»

«እርስዎስ የሰሙትን የት ያፈሳሉ?»

«አስተማሪዬ እያሉ እሳቸው ጋ። አሁን ሞተዋል።»

«አሁንስ?»

«አሁን ጥጥሽን ፍተዪ።»

ራቢዓ አብዱልሃዲ የሚባል አንድ ልጅ ነበራት። ከአሊዩ አምባ ጨው ያመላልስ ነበር፤ ጣሊያን ከገባ ወዲህ ከጨው ጆንያው ስር ለአርበኞች ጥይት ያደርሳል ይባላል። ከጠፋ ስምንት ወር ሆኖታል። ሰዉ «ጅቡቲ ወርዷል» ይላታል። የዚያን ጊዜ የይፋት ሰው የሞተን ልጅ ለእናቱ መንገር ሲፈራ ጅቡቲ ይልከዋል፤ ጅቡቲ በዚያ ዓመት ሳትሞላ አልቀረችም። ራቢዓም ይኼን አታጣውም። የምትለምነው አንድ ነገር ነበር፤ ሞቶም ከሆነ አፈሩን ማወቅ፣ ከራስጌው ቆሞ ዱዓ ማድረግ።

በጥቅምት አንድ ሐሙስ ሙሀባ እየሳቀች መጣች።

«ዛሬስ ጉድ ነው የሰማሁት። ሰላምታ የሚያመው ሰው መጣልኝ።»

«ምን ሆኖ?»

«‹አሰላሙ አለይኩም› ሲሉት ይንቀጠቀጣል። ላብ ያጠምቀዋል። መመለስ አይችልም።»

«በዚህ አገር?»

«በዚህ አገር። መስጊድ ቀረ፣ ገበያ ቀረ። ሰዉ ኮርቶ ነው ይለዋል። የገዛ እናቱ ሰላም ብትለው ጊዜ ከቤት ሸሸ።»

ሁለቱም ሳቁ። ራቢዓ ቀድማ ሳቋን ዋጠችና፣ «አንድ ያልመለሰው ሰላምታ አለ ማለት ነው። አታቻኩዪው፣ ራሱ ያመጣዋል» አለች። ደረሳ ማስተማር እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ አብሮ ይሳቃል፣ ከዚያ ይታረማል።

በሳምንቱ ሰውየው ነገሩን አመጣው። ሙሀባ እየፈተለች አወራች፣ ራቢዓም እየፈተለች ሰማች።

«ባንዳ ነው ለካ። ጎህ ሊቀድ ሲል፣ ገና ድንግዝግዝ እያለ፣ አንድ መልካ፣ የወንዝ መሻገሪያ፣ እየጠበቁ ነበር። የሚሻገር ሁሉ ይመታ ተብለዋል። አንድ ሰው አህያ እየነዳ መጣ። ሣር ውስጥ ተኝተው ኮቴ ይሰማሉ እንጂ ሰውየውን አያዩትም። ዝም ብሎ ቢሻገር ኖሮ ያመልጠን ነበር አለኝ። ሰውየው ግን ውኃው ዳር ቆመና ‹አሰላሙ አለይኩም› አለ። ሦስት ጊዜ።»

«ለማን?»

«ለወንዙ። ሌላ ሰው የለም። ድምፁ ወደመጣበት ተኮስሁ አለ። ሰው ለወንዝ ሰላምታ ሲሰጥ ሰምተው ያውቃሉ፣ እትዬ ራቢዓ?»

ሰምታ ታውቃለች። አብዱልሃዲ አምስት ዓመት ሲሆነው ውኃ አልፈራ ብሎ ቢያስቸግራት፣ «ወንዝ ባለጌ አይወድም፤ ሦስት ጊዜ ሰላም ሳትለው የገባህ እንደሆነ ይወስድሃል» ያለችው ራሷ ናት። ልጅ ቆም ብሎ ውኃውን እንዲያይ የተዋሸች ትንሽ የእናት ውሸት ነበረች። ልጁ ግን ጢም አብቅሎም፣ ጥይት ጭኖም ሰላም ማለቱን አልተወም፤ ጓደኞቹ ይስቁበት ነበር።

እንዝርቱ አልቆመም። ሙሀባ ቀና ብላ ብታይ ኖሮ ክሩ ገመድ ማከሉን ታይ ነበር፤ ግን እሷም የራሷን ክር እያየች ነበር።

‹ደሜ አለበት› ብላ መነሳት ነበረባት፣ ሁለት ቃል ነው። ከተነሳች ግን ነገሩ እዚያው ይቀራል፤ አፈሩን የሚያውቀው ያ አንድ ሰውም ከእጇ ይወጣል።

«ሙሀባ።»

«አቤት።»

«የት እንደቀበሩት ጠይቂው።»

የሙሀባ እንዝርት ቆመ። «ቦታ አይነሳም ብለውኛል።»

«ብዬሻለሁ። ይኼ ለመድኃኒቱ ነው። ያልመለሰውን ሰላምታ መቃብሩ ላይ ሄዶ እንዲመልስ።»

ነገሩ መድኃኒት ይመስላል። እውነትም መድኃኒት ሳይሆን አይቀርም ነበር፤ ክፋቱም እሱ ነው። ሙሀባ አመነች።

ማክሰኞ ጠየቀችው። ሰውየው ፊቱን ከግድግዳው አዞረ። እዚያ ቁርበት ላይ ተቀምጦ ፊቱን ያዞረ እሱ የመጀመሪያው ነው።

«ማን ጠይቂ አለሽ?» አላት።

ሙሀባ እንዝርቷን አዞረች። ሰውየው ጫማውን በእጁ ይዞ ወጣ። ረቡዕ ጠዋት ባንዶች መጥተው ወሰዷት። የተገደለ ሰው መቃብር የምትጠይቅ ሴት የአርበኛ ሰላይ እንጂ ሌላ ምን ትሆናለች፤ ጣሊያን ስለ ሆድ ወጌሻ ያወጣው ደንብ የለም።

ወሬውን ለራቢዓ ያደረሰው ጎረቤቷ ሐሚድ ነው። «አሁኑኑ ወደ አጣዬ ይሂዱ፣ እትዬ ራቢዓ። ቀጥሎ እርስዎን ነው የሚይዙት።»

«ወደ ምሽጉ ነው የምሄደው።»

«በእሷ ጥፋት?»

«ያስጠየቅኋት እኔ ነኝ።»

«ማን ያውቅብዎታል?»

«እኔ።»

ምሽጉ በር ላይ አምስት ባንዶች ቆመዋል። ራቢዓ እንደ ማንም አላፊ «አሰላሙ አለይኩም» አለች። አራቱ መለሱ። አምስተኛው፣ ቀጭኑ፣ ጠመንጃው እጁ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ላቡ ከቆቡ ስር ወረደ። ስም አላስፈለጋትም። አየችው። የአብዱልሃዲ እኩያ ነው፣ የሸሚዙን ቁልፍ አዛንፎ ቆልፏል።

አለቃቸው ዘውዴ ከጥላው ሳይነሳ፣ «ምን ፈለግሽ፣ አሮጊት?» አላት።

«ደረሳዬን ይዛችኋል።»

«ሰላይዋን?»

«ሰላይ አይደለችም። ጠይቂ ያልኋት እኔ ነኝ። እሷን ልቀቁና እኔን ያዙ።»

«ለማን ብለሽ ነው የምታስጠይቂው?»

«ለራሴ» አለች ራቢዓ። እውነት ነበር፤ ዘውዴ ግን ሳቀ።

ሙሀባን ለቀቋት። አስቀድመው ገርፈዋት ስለነበር መልቀቁ ብዙም አልቆጫቸውም። ራቢዓን ሰባት ወር ለመንገድ ሠራተኛ እህል አስፈጯት።

በአራተኛው ወር ቀጭኑ ባንዳ ወፍጮው ቤት መጣ። ተገላቢጦሽ እሱ ከጀርባዋ ቆመ።

«የዚያች ሴት አስተማሪ አንቱ ነዎት አሉ።»

«ነኝ።»

«እንቅልፍ የለኝም። ይስሙኝ። ሁሉንም እነግርዎታለሁ፣ ቦታውንም።»

የራቢዓ እጅ ወፍጮው ላይ ቆመ። በዚህ ሙያ ሠላሳ ዓመት ስትኖር በሰው ቃል እጇ ሲቆም የመጀመሪያዋ ነው። አንድ «እሺ» ብቻ ነው የቀራት። ግን «እሺ» ብላ ከሰማችው በሽተኛዋ ነው፤ ልታድነው ነው። ማዳኑን ሳትፈልግ ቦታውን ብቻ ከወሰደች ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ መስረቋ ነው፤ የመጀመሪያውን ስርቆት ሙሀባ በጀርባዋ ከፍላለች።

«አልሰማህም» አለችው።

«ለምን?»

«ደሜ አለበት።»

ወዲያው አልገባውም። ሲገባው ምሰሶውን ያዘ። ራቢዓ ዞራ አየችው፤ ጠበቀችው። እንደ በሽተኛ ሳይሆን፣ ለእናት እንደሚነገር ቢነግራት ኖሮ ትቀበለው ነበር። እሱ ግን ምሰሶውን ለቆ ሄደ። በሳምንቱ ወደ ማጀቴ ተዛወረ ተባለ። በኋላ ደግሞ ጅቡቲ ወርዷል ተባለ።

ራቢዓ እንደተፈታች ቀጥታ ሙሀባ ጎጆ ሄደች።

«ኢጃዛሽን፣ የሙያ ፈቃድሽን ልሰጥሽ መጣሁ። ከእንግዲህ ያለእኔ ትሰሚያለሽ።»

«ኢጃዛዬንማ ጀርባዬ ላይ ጽፈውልኛል» አለች ሙሀባ።

ሙሀባ ጥቂት አየቻትና ቁርበቱን አነጠፈች። ራቢዓ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀመጠች። ስም ሳታነሳ፣ ቦታ ሳታነሳ፣ ውኃ የማይፈራ ልጅ ስለነበራት አንዲት ሴት ማውራት ጀመረች። ወንዙ ጋ ስትደርስ ሙሀባ ነገሩ ገባት። እንዝርቱ ግን አልቆመም፤ በደንብ ነበር የተማረችው።

ከዚያ ወዲያ ራቢዓ ወንዝ ስትሻገር ውኃው ዳር ቆማ ሦስት ጊዜ ሰላም ትል ነበር። የቱ መልካ እንደሆነ ስለማታውቅ አንዱንም አትዘልም። መንገደኛ ከኋላዋ አህያውን ይዞ እስክትጨርስ ይጠብቃታል፤ አንዳንዱም ቶሎ እንድታልፍለት ብሎ በወንዙ ፈንታ ሰላምታውን ይመልስላት ነበር።