በትክክል ገብቷል

ባለፈው ሳምንት የቤቴን ካርታ ላሳድስ ደብረ ብርሃን አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ሰነዴን ስካነሩ ላይ አጋድማ አነሳችው። «በትክክል ገብቷል» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ብቅ ሲል ወረቀቴን መለሰችልኝ።

«ጨርሰዋል ጋሼ።»

እኔ ግን ከመስኮቱ ንቅንቅ አላልኩም። «እስቲ ከእኔ በፊት የነበሩትን ሰውዬ ሰነድ ክፈቺልኝ» አልኳት።

እንደ እብድ አየችኝ። አልፈርድባትም። በእሷ ዕድሜ ሳለሁ እኔም ያንን አረንጓዴ ጽሑፍ አምነው ነበር፤ እንዲያውም የያኔውን የጻፍኩት እኔው ነበርኩ።

ትምህርቴን እንደጨረስኩ የተመደብኩት መንዝ ውስጥ፣ የመሬት ጉዳይ በሚያይ አንድ ቢሮ ነው። በሞላሌ በኩል አቧራ ለብሼ ስደርስ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ነበር። ጊዜው የግምገማና የ«ምርጥ ተሞክሮ» ጊዜ ነው፤ ሰው ከሠራው ይልቅ ሪፖርት ባደረገው ይመዘን ነበር። ኃላፊዬ አቶ ሽፈራው የባለይዞታው ወረቀት ሁሉ ኮምፒዩተር ውስጥ ይግባ አሉኝ። እኔም ከኢንተርኔት ባገኘሁት ፍሬምወርክ ፕሮግራሙን ሠራሁ። ፍሬምወርክ ማለት ሌሎች ሰዎች ምሰሶና ማገሩን አቁመው ምርጊቱን ለባለቤቱ የሚተዉለት የፕሮግራም አጽም ነው። በአንድ ወር ጨረስኩትና ደረቴን ነፍቼ መሄድ ጀመርኩ።

እትዬ የሺ የመጡት በኅዳር፣ ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን ነው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሃምሳን ያለፉ ሴት ናቸው። ከላይ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ደርበዋል፤ ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረውታል። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው የገብስ ማሳ ለእሳቸው እንዲሆን ባላቸው ከታናሽ ወንድማቸው ጋር የተዋዋሉበት ወረቀት ነው። የተዋዋዮቹና የሦስት ሽማግሌዎች አውራ ጣት አርፎበታል። ሽማግሌዎቹ ሦስቱም ሞተዋል።

አነሳነውና ስክሪኑ ላይ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው የባላቸውን አሻራ በጣታቸው ነኩት።

«እሱው ነው» አሉ። «ማጭድ የቆረጠው ጠባሳው ሳይቀር።»

«ከእንግዲህ ቢቃጠል ቢጠፋ አያስቡ እትዬ። እዚህ አለልዎት።»

«እንዲያ ነው? እግዜር ይስጥህ ልጄ።» ሱፍ የተቀላቀለበት የገብስ ቆሎ ከመቀነታቸው ፈተው ጠረጴዛዬ ላይ አፈሰሱልኝ። ቀኑን ሙሉ ስቆረጥመው ዋልኩ።

በሰኔ ተመልሰው መጡ። ዋርሳቸው፣ ያ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ማሳውን አርሶታል። ከኅዳር ወዲህ ለባላቸው ተዝካር ሲሰበሰቡ «በእኔና በአንቺ መሐል ወረቀት ምን ያደርጋል? ባታምኚኝ ነው» ብሏቸው ነበር። እሳቸውም ቂም እንዳይገባ ብለው ወረቀቱን ሰጡት። አሁን ወረቀት የሚባል ነገር በዓይኔም አላየሁ ይላል።

«እንዴት ይሰጡታል?» አልኩ ደንግጬ።

«ምን ቸገረኝ፤ አንተ ጋ አለ ብዬ ነዋ።»

ጉዳዩን የሚያየው ኮሚቴ ቅጂው ታትሞ ይቅረብ አለ። ስማቸውን ስጫን የወጣው የማላውቀው ሰው የውክልና ወረቀት ነው። ሌላ ስም ሞከርኩ፤ ያው ውክልና። ሌላም ስም፤ ያው።

ሦስት ቀን ፈለግሁ። ፋይሉ ከተፈቀደው መጠን በልጦ እንደሆነ አየሁ፤ አልበለጠም። ሰርቨሩ፣ ዋናው ኮምፒዩተር፣ ሰነዶቹ የሚቀመጡበት ፎልደር ላይ የመጻፍ ፈቃድ አጥቶ እንደሆነ አየሁ፤ ፈቃድ አለው። መብራት በመጣ ቁጥር የራሴን ፎቶዎች በእንግሊዝኛ ፊደል እየሰየምኩ እጭናለሁ፤ ሁሉም በየስማቸው ቁጭ ይላሉ። በሦስተኛው ቀን ሰነድ የምታስገባው ጽጌ «እስቲ እኔ እንደማደርገው አድርገው» አለችኝ። እሷ ፋይሉን የምትሰይመው በባለጉዳዩ ስም፣ በአማርኛ ነው። እንዲያ አድርጊ ያልኳትም እኔ ነኝ።

ነገሩ ይኸው ነበር። ፍሬምወርኩ ከፋይል ስም ላይ አደገኛ ምልክት የሚጠርግበት መጥረጊያ አለው፤ የእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር ያልሆነውን እንደ ጉድፍ ያየዋል። የአማርኛው ስም ሲጠረግ ለሁሉም የሚተርፈው የፋይሉን ዓይነት የሚናገረው አንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ ጭራ ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ አዲስ ወረቀት በቀድሞው ላይ ይጻፍበት ነበር። ሰው ሁሉ በተራው ወረቀቱን ስክሪን ላይ ያየውም ለዚህ ነው፤ ቀጣዩ እስኪመጣ ድረስ በእርግጥም እዚያ ነበር። ዝርዝሩ ላይ ስሙ ሁሉ ተሰልፏል፣ ፎልደሩ ውስጥ ግን ያለችው አንዲት ፋይል ናት። ማስተካከያው የአንድ መስመር ሥራ ነበር፤ የተደመሰሰውን ግን አይመልስም።

ለአቶ ሽፈራው ነገርኳቸው። ሥራችን ምርጥ ተሞክሮ ተብሎ ወደ ላይ ተልኳል፤ በሳምንቱ ጎብኚዎች ይመጣሉ።

«ሌሎቹን ለእድሳት ብለን ጠርተን እንደገና እናነሳለን» አሉ። «ለሴትዮዋ በስማቸው ሰነድ አልተገኘም ብለህ ጻፍ። ውሸት ነው እንዴ?»

«አይደለም» አልኩ። ጻፍኩና ፈረምኩ።

ኮሚቴው ፊት ደብዳቤዬ ሲነበብ እትዬ የሺ ወደ እኔ ዞሩ። በዝናብ ነው የመጡት፤ ባናቸው ውሃ ያንጠባጥባል። አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

«ማሽኑስ ያጥፋው፣ ይሁን። አንተ አላየኸውም ልጄ? አብረን አይተነው የለም? ማየትህን ብቻ ንገርልኝ።»

ሰብሳቢው አየኝ። አቶ ሽፈራው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በየቀኑ ብዙ ሰነድ ስለማይ አላስታውስም» አልኩ።

ማሳው ለዋርሳቸው ተወሰነ። እትዬ የሺ ጓሳ አጠገብ አንዲት እህታቸው ዘንድ ተጠግተው ይኖራሉ ሲባል ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ ሰው ጠይቄ አላውቅም፤ ፈራሁ።

«የሰው ሰነድ አይከፈትም ጋሼ» አለችኝ የደብረ ብርሃኗ ልጅ። ልክ ናት። ወረቀቴን አጥፌ ወጣሁ።

ስለ ፕሮግራሙ ስህተት ለራሴ ይቅርታ ካደረግሁ ቆየሁ፤ ልጅ ነበርኩ፣ አላውቅም ነበር። ሌላው ነው የማይለቀኝ። ያቺ የማጭድ ጠባሳ አሻራውን ለሁለት ከፍላ የምታልፍ ቀጭን ነጭ መስመር ነበረች፤ ጫፏ ላይ ትንሽ ትጎብጣለች። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን አያታለሁ። ያን ቀን ኮሚቴው ፊትም አስታውሳት ነበር።